የኤቤት እውቅና ምንድን ነው? ኮንስትራክሽን ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ለመማር ላሰባችሁ

አሜሪካ ሆናችሁ ኮንስትራክሽን ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ለመማር ኮሌጅ እየፈለጋችሁ ከሆነ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። ፕሮግራሙ የኤቤት እውቅና አለው ወይ? ካለው ደግሞ በየትኛው ኮሚሽን በኩል?

ኤቤት (ABET) የምህንድስናና የቴክኖሎጂ ትምህርቶችን የሚመዝን፣ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። እውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ኢንጂነሪንጉ እውቅና ኖሮት የኮንስትራክሽኑ ላይኖረው ይችላል። የኮሌጁ አማካሪ «ትምህርት ቤታችን እውቅና አለው» ቢላችሁ እውነቱን ነው። ጥያቄያችሁን ግን አልመለሰላችሁም።

በኤቤት ውስጥ የምህንድስና ፕሮግራሞችን የሚያየው ኮሚሽን ኢኤሲ (EAC) ይባላል። የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂዎቹን የሚያየው ኢታክ (ETAC) ነው። በኢኤሲ በኩል ያለፈ ትምህርት ሂሳቡና የዲዛይን ንድፈ ሐሳቡ ይከብዳል። በኢታክ በኩል ያለፈው ወደ ሥራው ይጠጋል፦ የዋጋ ግምት፣ ቅየሳ፣ የሥራ ፕሮግራም ማውጣት፣ ውል ማስተዳደር፣ የማቴሪያል ምርመራ።

ስለዚህ ኮሌጁን ስትጎበኙ ላቦራቶሪውን አሳዩን በሉ። ተማሪው ስላምፕ ቴስት የሚባለውን፣ ያልደረቀ ኮንክሪት ምን ያህል ቀጭን ወይም ወፍራም እንደሆነ የሚያሳየውን ምርመራ፣ በእጁ ይሠራል? 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን የብረት ኮን በሦስት ዙር ኮንክሪት እየሞላ፣ እያንዳንዱን ዙር 25 ጊዜ በብረት ዘንግ እየወጋ፣ ከዚያ ኮኑን ቀጥ አድርጎ አንስቶ ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደወረደ ይለካል? ጥንካሬን ለመለካት የተዘጋጁትን የኮንክሪት ናሙና ሲሊንደሮችስ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ራሱ ይሰብራል? ይህን ሁሉ በቪዲዮ ብቻ የሚያሳይ ፕሮግራም ለእኔ አይታየኝም።

ትልቁ ልዩነት የሚመጣው በፈቃዱ ላይ ነው። ፒኢ (PE) የሚባለውን የኢንጂነርነት ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው፤ ሕጉም ይለያያል። ቴክሳስን ብንወስድ፣ ኢኤሲ ካጸደቀው ፕሮግራም የተመረቀ 4 ዓመት የሥራ ልምድ ሲጠየቅ፣ የቴክኖሎጂ ተመራቂ 8 ዓመት ይጠየቃል። የቴክኖሎጂ ዲግሪን ለፈቃድ ጭራሽ የማይቀበሉ ስቴቶችም አሉ። ሐሳባችሁ ሳይት ኢንጂነር፣ ኢስቲሜተር (የሥራ ዋጋ ገማች) ወይም ፕሮጀክት ማናጀር መሆን ከሆነ ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ የኢታክ ዲግሪ ጥሩ መንገድ ነው። ፒኢ ይዛችሁ ዲዛይን ላይ መፈረም የምትፈልጉ ከሆነ ግን የስቴታችሁን የኢንጂነሮች ቦርድ ደንብ አንብባችሁ ግቡ።

ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) የሚጀምር ሰው ወጪው በጣም ይቀልለታል። ብቻ የትኛው ኮርስ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ እንደሚተላለፍ በጽሑፍ ይያዝ። የቃል ተስፋ ክሬዲት አይሆንም።

እውቅናውን ኤቤት ድረ ገጽ ላይ በኮሌጁ ስም ፈልጋችሁ በነፃ ታዩታላችሁ። ኮሚሽኑንና ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደጸደቀ ተመልከቱ፤ የምትመረቁበት ዓመት በዚያ ውስጥ መውደቅ አለበት።