የኤሲ ሙሉ እጥበት ምንድን ነው?

ግንቦት ሲገባ ሸዋ ሮቢት ላይ የኤሲ ባለሙያ ስልክ አያርፍም። ጥሪው ከሁለት ነገር አያልፍም፦ «አያቀዘቅዝም» ወይም «ግድግዳው ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ነው»። ብዙ ጊዜ የሁለቱም ምክንያት ቆሻሻ ነው፣ መፍትሔውም ሙሉ እጥበት። ችግሩ በዚህ ስም የሚሠራው ሥራ ከሰው ሰው መለያየቱ ነው። አንዱ ፊልተሩን አራግፎ፣ ሽፋኑን በጨርቅ ወልውሎ «ሰርቪስ አድርጌዋለሁ» ይልና ሂሳቡን ይቀበላል። ፊልተር ማጠብ ባለቤቱ በየሁለት ሳምንቱ ራሱ የሚሠራው ነገር ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ፣ ጥላ ውስጥ ደርቆ ይመለሳል። ለዚህ ገንዘብ አይከፈልም።

ሙሉ እጥበት የሚባለው ውሃና አየር የሚያልፉባቸውን ክፍሎች ሁሉ ከፍቶ ማጽዳት ነው። ከውስጡ ክፍል ኮይሉ (የማቀዝቀዣው ጋዝ የሚዞርበት ባለ ክንፍ ቱቦ)፣ አየር የሚነፋው ብሎወር፣ ውሃ የሚጠራቀምበት ትሪና ማፍሰሻ ቱቦው ይታጠባሉ፤ ከውጭው ክፍል ደግሞ ኮይሉና ፋኑ። ከእነዚህ አንዱ ከቀረ ሥራው አላለቀም። በተለይ ብሎወሩ ሲዘለል ኮይሉ ንጹሕ ሆኖ እንኳ አየሩ ደክሞ ይወጣል፣ ሽታውም ባለበት ይቀራል።

ቆሻሻው ለምን እዚያ እንደሚከማች ለመረዳት ውሃውን ማየት ይበቃል። ኤሲ ሲያቀዘቅዝ የውስጡ ኮይል ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ይደርሳል። 30 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው የክፍል አየር ግን ገና 21 ዲግሪ ገደማ ላይ ጤዛ መጣል ይጀምራል። ስለዚህ ኮይሉ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ እርጥብ ነው። ባለ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ኤሲ አየሩ በረጠበ ቀን በሰዓት አንድ ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውሃ ያወጣል። የፊልተሩ ወንፊት ክርና ጸጉር እንጂ የደቀቀ አቧራ አያስቀርም፤ አቧራው አልፎ እርጥቡ ኮይል ላይ ይለጠፋል። ከወጥ ቤት የሚመጣው የቁሌት ዘይት፣ የቡና ቁላት ጢስ፣ እጣንና ከሰል ሲጨመርበት ደግሞ ተራ ውሃ የማያነሳው ተጣባቂ ሽፋን ይሆናል። በዚያ ላይ ጨለማ፣ እርጥበትና ምግብ ስላለ ሻጋታ ይበቅላል። ትሪው ውስጥ የሚገኘው ዝልግልግ ነገርም የዚሁ ውጤት ነው፤ ቱቦውን የሚደፍነውና ውሃውን ወደ ክፍሉ የሚመልሰው እሱ ነው።

ጅቡቲ ወይም ምጽዋ ላይ ይህ ዓመቱን ሙሉ ያለ ነገር ነው፤ የባሕሩ ጨው ደግሞ የውጭውን ኮይል ይበላዋል። በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ፣ እርጥበቱ የሚበረታው በክረምቱ ሲሆን በበልግም ይነካካል፤ ጨው የለም፤ አቧራውና ገለባው ግን በበጋው ይበዛል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ «በየሦስት ወሩ እጠቡ» የሚል ምክር እንዳለ እዚህ አይሠራም። የአየር ቦይ ጽዳት የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ጣሪያ ውስጥ የተዘረጋ ቦይ የሌለው ቤት ያን አገልግሎት የሚገዛበት ምክንያት የለም።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ከመፍታት በፊት ኤሲውን 15 ደቂቃ አስነስቶ በአየር መግቢያውና መውጫው ላይ ሙቀት መለካት ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ካልተያዘ እጥበቱ ምን እንዳመጣ ማወቂያ አይኖርም። ቀጥሎ ኃይሉ በሪሞት ሳይሆን በብሬከሩ ይቋረጣል፤ ካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲረግብ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። ሽፋኑ፣ ፊልተሩና አየር መሪ ክንፎቹ ይወልቃሉ። ካርዱ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው) እና የሽቦ መጋጠሚያው በላስቲክ በደንብ ይታሸጋሉ፤ ከተቻለ ካርዱ ወጥቶ ይቀመጣል። ከእጥበት በኋላ «ኤሲዬ ሞተ» የሚባለው አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከዚህች አንዲት ቸልታ ነው። ከዚያ ከስሩ ከረጢት ይታሰራል፤ ቆሻሻው ውሃ በከረጢቱ ቱቦ ወደ ባልዲ ይወርዳል። ከረጢት ሳይዝ መጥቶ ሶፋውን በአንሶላ ልሸፍን የሚል ባለሙያ ኮይሉን በሚገባ ሊያጥብ አይችልም፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድለት ስለማያውቅ ይቆጥባል።

ደረቁ አቧራ መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ብሩሹ የኮይሉን ክንፎች መስመር ተከትሎ እንጂ አቋርጦ አይሄድም፤ ክንፎቹ ውፍረታቸው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ስለሆነ በጣት ግፊት ይተኛሉ፣ የተኛ ክንፍ ደግሞ አየር አያሳልፍም። ከዚያ የኮይል ማጠቢያ ኬሚካሉ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ተበጥብጦ ይረጫል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል፤ ሳይደርቅ ይለቀለቃል። ቅባቱ ቀላል ከሆነ በ5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። በረኪና አይገባም፤ አሉሚኒየሙንና መዳቡን ይበላል። ኮምጣጤም ቢሆን ቅሪቱ መዳቡ ላይ ሲቆይ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያመጣል፤ ጋዙ የሚያመልጠው በዚያ ነው። በረኪናና አሲድ ተቀላቅለው የሚያወጡት ጋዝ ሳንባ እንደሚጎዳ ደግሞ መቼም ሊዘነጋ አይገባም።

ለመለቅለቂያ በእጅ የሚነፋ ባለ 5 ሊትር መርጫ ጥሩ ነው። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ ለውስጡ ክፍል ጉልበቱ ይበዛል፤ ክንፉን ያስተኛል፣ ውሃውንም ወደ ሞተሩ ይገፋል። በዚህ አካባቢ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ፦ ለማሾ ወይም ለሽንኩርት ጸረ ተባይ የተረጨበት መርጫ ምንም ያህል ቢታጠብ ለኤሲ አይውልም፤ የቀረው መድኃኒት ቤት ውስጥ እየተነፋ ይተነፈሳል። ለአንድ የውስጥ ክፍል ከ10 እስከ 20 ሊትር ውሃ ይፈጃል፣ ወደ ባልዲው የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ። ውሃው ጠቁሮ ጀምሮ ቶሎ ከጠራ ኮይሉ ብቻ ታጥቧል ማለት ነው፤ ብሎወሩ ሲጀመር እንደገና ይጠቁራል።

ብሎወሩ ሲሊንደር ቅርጽ ያለው፣ ብዙ የታጠፉ ቅጠሎች የተደረደሩበት ነው። ቆሻሻው በቅጠሎቹ ጎድጓዳ በኩል ሲሞላ ፍጥነቱ ሳይቀንስ የሚገፋው አየር ይቀንሳል። ኬሚካል ተረጭቶበት በእጅ ቀስ እያለ እየተሽከረከረ፣ ቅጠል በቅጠል በቀጭን ብሩሽ ይፈገፈጋል። ግማሹ ታጥቦ ግማሹ ከቀረ ክብደቱ ይዛባና መንቀጥቀጥና ጩኸት ይጀምራል። ከዚያ ትሪው ይጸዳል። ቱቦውን ከውስጥ በአፍ ወይም በፓምፕ መንፋት ዝልግልጉን ወደ ክርኑ ያስገባዋል፤ ከውጭው ጫፍ ውሃ በሚስብ ማሽን መሳብ ይሻላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ትሪው ላይ አንድ ሊትር ውሃ ሲፈስ ሳይቋረጥ ውጭ መውጣት አለበት። ካልወጣ የቱቦው ቁልቁለት ይታይ፤ በአንድ ሜትር ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ጫፉም ባልዲ ውስጥ ጠልቆ መቀመጥ የለበትም።

የውጭው ክፍል ከውስጡ ይልቅ ውሃና ጉልበት ይችላል። ሽፋኑ ተነሥቶ፣ የኤሌክትሪኩ ጎን ተሸፍኖ፣ ከተቻለ ከውስጥ ወደ ውጭ ይታጠባል፤ ቆሻሻው ከገባበት አቅጣጫ እንዲመለስ ነው። ውሃው ክንፎቹን ቀጥታ እንጂ በጎን አይምታ። የተርብ ጎጆና አይጥ የቀረጠፈው ሽቦም በዚሁ አጋጣሚ ይታያል። በመጨረሻ ሁሉም ተገጥሞ፣ ኤሲው በፋን ብቻ 30 ደቂቃ ይሠራና ይደርቃል፤ ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣ ተመልሶ ሙቀቱ እንደገና ይለካል። በመግቢያውና በመውጫው መካከል ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ልዩነት ጤናማ ነው። ነሐሴ ላይ 7 ዲግሪ ሆኖ ቱቦው ውሃውን ያለማቋረጥ የሚያፈስ ከሆነ ችግር አይደለም፤ ከኤሲው ጉልበት ከፊሉ አየሩን ከማቀዝቀዝ ይልቅ እንፋሎቱን ውሃ ማድረግ ላይ እየዋለ ነው።

አሁን ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት ጉዳይ፦ «ጋዝ አልቋል»። ጋዝ እንደ ነዳጅ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ከጎደለ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። የውስጡ ኮይል ሲቆሽሽ በላዩ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፤ ጋዙ የሚቀበለው ሙቀት ስላነሰ በበቂ አይተንም፤ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ጋዙን የሚመጥበት ግፊት ይወርዳል። ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያ) የሰካ ሰው የሚያየው ልክ ጋዝ እንደጎደለ ያለ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ይሞላል። ለጊዜው የተሻለ ይመስላል። በኋላ ሌላ ሰው ኮይሉን ሲያጥበው ግን ኤሲው ከመጠን በላይ የተሞላ ይሆናል፤ ያልተነነ ፈሳሽ ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል፣ ኮምፕረሰር ደግሞ ፈሳሽ መጭመቅ አይችልም፤ ይሰበራል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ ሳይታጠብ ጌጅ አይሰካም። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተለክቶ አሁንም ካላቀዘቀዘ ነው ጋዝ የሚጠረጠረው። ያኔም መጀመሪያ የቱቦ መጋጠሚያ ነቶቹ አካባቢ የዘይት ወዝ ይፈለጋል፣ በሳሙና አረፋም ይፈተሻል። ቀጭኑ ቱቦ አመዳይ ከያዘ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ጌጅ ሲነበብ ከፍታም ይቆጠራል፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጌጁ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ ንባቡ የሚነጻጸርባቸው ሠንጠረዦች የተሠሩት ደግሞ ለባሕር ጠለል ነው። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ንባቡ ወደ 2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ 2,800 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ወደ 4 ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ይታያል። ትልቁ ግራ መጋባት ያለው ቫኪዩም (ከቱቦዎቹ አየሩን ስቦ ማውጣት) ላይ ነው። ኤሲው ከግድግዳ ወርዶ ታጥቦ ሲመለስ ቱቦዎቹ ውስጥ የገባው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ መሳብ አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ የጌጁ መርፌ 21 ኢንች አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ በባሕር ጠለል እንደሚሆነው 30 አይደርስም። ፓምፑ አልተበላሸም፤ ከዚያ በላይ የሚሳብ የአየር ግፊት ከተማው ላይ የለም። ሸዋ ሮቢት ላይ 25 አካባቢ ይቆማል። ፓምፕ የሌለው ሰው «በጋዙ እገፋዋለሁ» ብሎ የሚሠራው አቋራጭ እርጥበቱን ውስጥ ይተወዋል፤ እርጥበት ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል።

ደጋው የራሱ ጉዳይ አለው። ደብረ ብርሃን ላይ ኤሲ ከተገጠመ ባብዛኛው የሚፈለገው ለማሞቂያነቱ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሲያሞቅ ሥራው ይገለበጣል፤ የውስጡ ኮይል ደረቅና ሙቅ ይሆናል፣ የሚቀዘቅዘውና አመዳይ የሚይዘው የውጭው ነው። ኤሲው አልፎ አልፎ ማሞቁን አቁሞ፣ ውጭው በረዶውን ሲያቀልጥ እንፋሎት መታየቱ ብልሽት አይደለም። የውጭው ኮይል በአቧራ ከተደፈነ ግን በረዶው ቶሎ ቶሎ ይይዘዋል፤ ጊዜው በማሞቅ ፈንታ በማቅለጥ ያልፋል። በዚያ ላይ በአየሩ መሳሳት ምክንያት ፋኑ የሚገፋው የአየር ክብደት በባሕር ጠለል ከሚገፋው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ እዚህ ቆሻሻን የሚሸከም ትርፍ አቅም የለም። በእነዚህ ቤቶች ጥቅምት ላይ የውጭውን ክፍል ማጠብ ይቀድማል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላለው ቤት ሥራው ትንሽ ነው፤ ከሶኬት ተነቅሎና ቀዝቅዞ አቧራው በብሩሽና በአየር ይወጣል፤ ውሃ አይነካውም።

ለቆላው በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ መስከረም ላይ ክረምቱ ትቶት የሄደውን ሻጋታ ለማውጣት። ቀንና ሌሊት ለሚሠራባቸው ሆቴሎች ግን አንድ ይጨመራል። በመካከሉ ባለቤቱ ኤሲውን ከማጥፋቱ በፊት በፋን ብቻ 20 ደቂቃ ቢያሠራው ኮይሉ ደርቆ ያድራል። መብራት በድንገት ሲሄድ ኮይሉ እንደረጠበ ስለሚቀር፣ ሲመለስ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ መጀመሪያ ፋኑን ማብራት ነው። ቡና የሚቆላበት ቦታም ከኤሲው ስር ካለ ወደ መስኮቱ ይዛወር፣ ቁላቱ እስኪያልቅም ኤሲው ይጥፋ።