ስለ ፈሳሽ አርጎን ታንክ፦ ብየዳ ቤት የሰማኋቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ብየዳ ቤት። ያዘዝኩት የስቴንለስ ዕቃ ማጠቢያ ደርሶ እንደሆን ልጠይቅ ገባሁ። አልደረሰም። ጥግ ላይ የቆመውን የአርጎን ሲሊንደር ሳይ፣ አሜሪካ ውስጥ ከመሬት በታች ስለሚሠራ የፈሳሽ አርጎን ታንክ ማውራት ጀመርኩ። አፌን ባልከፈትኩ! ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሐንዲስ ሆነ።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። ሙከራው ዱን ይባላል። ችካጎ አጠገብ ካለው ፌርሚላብ ከሚባል የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ሊላኩ ነው። 1,300 ኪሎ ሜትር መሬት ሰንጥቀው አልፈው፣ ደቡብ ዳኮታ ባለ የድሮ የወርቅ ማዕድን ውስጥ፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ይጠበቃሉ። ኒውትሪኖ ሁሉን አልፎ የሚሄድ ነገር ነው። ጥቂቱን ለመያዝ እንኳ መያዣው ግዙፍ መሆን አለበት። ስለዚህ አንዱ ታንክ 17,000 ቶን ፈሳሽ አርጎን እንዲይዝ ታስቧል።

«አርጎን እኮ መርዝ ነው»

ይህን ያለው አንድ ደንበኛ ነው። መርዝስ አይደለም። አሁን የምንተነፍሰው አየር 0.93 በመቶው አርጎን ነው። አይነድም፣ ከምንም ጋር አይዋሃድም። ብየዳውን ከአየር የሚከልለውም ለዚሁ ነው። አወጣጡ እንደ አረቄ ነው በሉት፤ አየሩ ፈሳሽ እስኪሆን ይቀዘቅዝና በየመፍያ ሙቀቱ ይለያል። ናይትሮጅን በ-196፣ አርጎን በ-186፣ ኦክሲጅን በ-183 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላሉ።

ደንበኛው ግን ዝም ብሎ አልፈራም። አርጎን ከአየር ይከብዳል፤ ፈሳሹ ጋዝ ሲሆን ደግሞ ከ800 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ዋሻ ውስጥ ቢፈስ ወለሉ ላይ ይተኛና ኦክሲጅኑን ያባርራል። ሽታ የለው፣ ሳል የለው። ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ጉድጓድ ሊያጸዳ ወርዶ ስለቀረ ሰው የሰማ ይገባዋል።

«ያን ሁሉ ቶን የሚችል ብረት መቼም ክንድ ያህል ይወፍራል»

ይቺ የባለቤቱ ናት፤ ሲሊንደሩን እያየ ነው ያላት። ሲሊንደሩ የወፈረው የታመቀ ጋዝ ስለሚይዝ ነው። ታንኩ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ያለው ግፊት ግን ከውጭው አየር በጥቂቱ ብቻ ነው የሚበልጠው። አርጎኑን የሚነካው ስቴንለስ 1.2 ሚሊሜትር ነው። ባለቤቱ አንድ ቁራጭ ላሜራ አንስቶ በአውራ ጣቱ ጎበጥ አደረጋት። «ይቺን?» አዎ፣ ይቺን።

ክብደቱን የሚችለው ሌላ ነው። ከላሜራው ጀርባ 80 ሴንቲሜትር የሚሆን ፎምና ኮምፔርሳቶ አለ፤ ከዚያ ውጭ ደግሞ ወፍራም የብረት ግንባታ። ፎሙ ብርዱን እዚያው ያስቀረዋል። ብርዱ ውጭ ቢደርስ ተራው ብረት እንደ ጠርሙስ ተሰባሪ ይሆን ነበር።

ታዲያ ላሜራውን ለምን ትንሽ አላወፈሩትም? ስቴንለስ እስከ -186 ሲወርድ በየሜትሩ 2.8 ሚሊሜትር ገደማ ይኮማተራል። 62 ሜትር የሚረዝም ታንክ ላይ ወደ 17 ሴንቲሜትር ይመጣል። ወፍራም ቢሆን ወይ ራሱን ይቀዳል፣ ወይ የተያያዘበትን ይነቅላል። ስለዚህ ላሜራው እንደ ቀሚስ ተሸንሽኗል። ሲቀዘቅዝ ሽንሽኑ ይዘረጋል። ዘዴው ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ከሚጭኑ መርከቦች የተወሰደ ነው።

«በቀዘቀዘ ቁጥር ይሻላል»

አይሻልም። አርጎን -189 ላይ በረዶ ይሆናል፣ -186 ላይ ይፈላል። ያለችው 3 ዲግሪ ብቻ ናት። የላም አዳቃዮች በሞተር ይዘውት የሚዞሩት ፈሳሽ ናይትሮጅን እንኳ ለዚህ ሥራ ከልክ በላይ ቀዝቃዛ ነው።

«መጀመሪያ አየሩን በፓምፕ መምጠጥ ግድ ነው»

ይህን ያለው ተለማማጁ ልጅ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ሰው ጭንቁ ብርዱ ይመስለዋል። ጭንቁ ንጽሕናው ነው። ኒውትሪኖ አርጎንን ሲመታ የሚወጡት ቅንጣቶች በመንገዳቸው ኤሌክትሮኖችን ያስለቅቃሉ። እነዚያ ኤሌክትሮኖች በኤሌክትሪክ እየተሳቡ ጥቂት ሜትሮች መሄድ አለባቸው። መንገድ ላይ ኦክሲጅን ካገኛቸው ዋጥ ያደርጋቸዋል። የሚፈቀደው ቆሻሻ ከ10 ቢሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። አንዷን የጤፍ ፍሬ 0.3 ሚሊግራም ብንል፣ 30 ኩንታል ጤፍ ውስጥ አንዲት ባዕድ ፍሬ ማለት ነው። ልቀሙ ቢባል ማን ይለቅማል?

ታዲያ በፓምፕ ቢመጠጥስ? ያ ስስ ላሜራ የውጭውን አየር ግፊት አይችለውም። ስለዚህ ታንኩን እንደ ጋን ያጥኑታል። እናቶቻችን ጋን በግራዋ አጥበው በወይራ እንደሚያጥኑት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ጭስ ሽቅብ ስለሚወጣ ጋኑ ጭሱ ላይ ይደፋል፤ አርጎን ጋዝ ግን ስለሚከብድ ከታች ቀስ ብሎ ይገባና አየሩን እንደ ፒስተን ወደ ላይ እየገፋ ያስወጣዋል። መጣደፍ አያስፈልግም፤ ከተጣደፉ ይደባለቃል። ፌርሚላብ ውስጥ በትንሽ ታንክ ተሞክሮ ሠርቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሞላው የ770 ቶን መለማመጃ ታንክም እንዲሁ ሳይመጠጥ ነው የተሞላው። ከሞላ በኋላ አርጎኑ እየዞረ በማጣሪያ ያልፋል፤ ኦክሲጅኑን መዳብ ይይዘዋል።

ልጁ «እሺ፣ ያ ሁሉ ታንክ በዚያ ጠባብ ጉድጓድ እንዴት ወረደ?» አለኝ። አይወርድም። ቁርጥራጩ ወርዶ እዚያው ይገጣጠማል።

ባለቤቱ ግን ልቡ ላሜራዋ ላይ ቀርቷል። «ይቺን 1.2 ሳይበሱ በምን በየዷት?»

«በአርጎን ነዋ፣ ጋሼ» አልኩት።

ሲሊንደሩን ዞሮ አየው። ከዚያ የእኔን ማጠቢያ፣ ገና እግር ያልወጣለትን። «በል ማክሰኞ ና።»