ካርቡራተር ምንድን ነው? መቼስ ይቀየራል?

ካርቡራተር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተር የሚያቀብል ዕቃ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ፣ አየሩ በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ያልፋል። እዚያ ፍጥነቱ ይጨምርና ግፊቱ ይወርዳል። ያኔ ቤንዚኑ ጄት በምትባል ቀጭን ቀዳዳ በኩል ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። ለ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያስፈልጋል። አዳዲስ መኪኖች ከተዉት ቆይተዋል። አሮጌዎቹ የአዲስ አበባ ቮልሶች ግን የሚሄዱት በእሱ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላለች፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተመጠነ ጄት እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ጭስ ይጠቁራል፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚን ያልቃል። ካርቡራተሩ ግን አልተበላሸም! አነስ ያለ ጄት ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ “ካርቡራተሩ ሞቷል፣ ይቀየር” ሲሏችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ካንዴላውን፣ የነዳጅና የአየር ፊልትሮውን እዩ። ነዳጅ ሲሰጡት ደህና ሆኖ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በቀስታ ሲዞር፣ የሚጠፋ ከሆነ፣ የሚኒሞው ጄት ተደፍኖ ወይም የሆነ ቦታ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቮልሶች ላይ ደግሞ ካርቡራተሩ ጎን አንዲት የኤሌክትሪክ ገመድ የምትገባበት ቫልቭ አለች። ገመዷ ከወለቀች ሞተሩ በሚኒሞ ይጠፋል። ለዚች ገመድ ሲባል ስንት ደህና ካርቡራተር ተፈቷል! ቤንዚን ከላይ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ካርቡራተሩ ውስጥ የሚገባውን ቤንዚን የሚመጥኑት ተንሳፋፊው ወይም መርፌው ናቸው።

የተደፈነ ጄት በማጽጃ ፈሳሽና በኮምፕሬሰር አየር ይጸዳል። በሽቦ መጎርጎር ግን ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ልኩ አይገኝም።

በእርግጥ የሚቀየርበት ጊዜ አለ። የነዳጅ መስጫውን ዘንግ ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተንገጫገጨ ዘንጉ የሚዞርበት ቀዳዳ ተበልቷል፤ ትርፍ አየር ያስገባል፣ ሚኒሞም አይያዝም። አካሉ የተሰነጠቀም እንዲሁ ነው። እንዲህም ሆኖ ዘንጉን የሚያድስ ጥሩ ቶርነሪ ካለ፣ እኔ ርካሽ አዲስ ኮፒ ከመግዛት አሮጌውን ኦሪጅናል ባሳድስ እመርጣለሁ።

ከቀየራችሁ የሞተሩን ሲሲ (መጠኑን) ተናግራችሁ ግዙ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ ሲጋራ ደግሞ ከአካባቢው ይራቅ። ቤንዚን እንዳይፈስ የነዳጁን ቱቦ አፍ ድፈኑ። ከሥር ያለውን ጋስኬት አዲስ አድርጉት፣ ብሎኖቹን በእኩል አጥብቁ። ሚኒሞ የሚስተካከለው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው። ትንሽ ከተነዳ በኋላ ካንዴላውን ፈታችሁ እዩ፦ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፣ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል።