የክርስትና ስም ምንድን ነው? «ወለተ ጊዮርጊስ» ስትባል አባቷ ጊዮርጊስ ነው ማለት አይደለም

በቅርቡ አንድ ሰው የቅድመ አያቱን ወላጆች ለማግኘት ሲደክም ቆይቶ፣ በቤተሰቡ ዘንድ የኖረውን የብራና ዳዊት ገልጦ በመጨረሻው ቅጠል ላይ «ለአመትከ ወለተ ጊዮርጊስ» (ለአገልጋይህ ለወለተ ጊዮርጊስ) የሚል የግዕዝ የጸሎት መስመር አገኘ። ወዲያውኑ በትውልድ ሐረጉ ላይ ከቅድመ አያቱ ስም በላይ «ጊዮርጊስ» የሚባል አባት ጨመረ። ዘመዱ ስትቃወመው «ግዕዙ ግልጽ ነው፤ ወለተ ማለት ሴት ልጅ ማለት ነው» ብሎ መለሰላት። እንዲህ ያለው ንባብ የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተወለዱ፣ በምድር ላይ ግን ኖረው የማያውቁ ጊዮርጊሶች፣ ሚካኤሎችና ጴጥሮሶች በብዙ ቤተሰቦች የዘር ቆጠራ ውስጥ ገብተው ልጆች እያጠኗቸው ነው።

የክርስትና ስም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ ከካህኑ የሚቀበሉት ስም ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቃላት ይገነባል፤ ከፊት ወልደ፣ ወለተ፣ ገብረ፣ አመተ፣ ኃይለ ወይም ተክለ ይመጣል፣ ከኋላው ደግሞ የሥላሴ፣ የክርስቶስ፣ የእመቤታችን፣ የመልአክ ወይም የቅዱስ ስም ይከተላል። ስለዚህ «ወለተ ጊዮርጊስ» በሰዋስው ረገድ «የጊዮርጊስ ልጅ» ነው፤ ሰውየው እስከዚህ ድረስ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ልጅነቱን የሥጋ ልጅነት አድርጎ በመውሰዱ ነው። ስሙ ሕፃኗ በሰማዕቱ ጥበቃ ሥር መሆኗን ይናገራል እንጂ ከማን እንደተወለደች አይናገርም።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር የነገሡት እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ያረፉት እቴጌ መነንም እንዲሁ ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ። የእቴጌ መነን አባት የአምባሰሉ ገዥ ጃንጥራር አስፋው መሆናቸውን የማያውቅ የለም። እቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ አባታቸው ግን ደጃዝማች ብጡል ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊክ እምነትን መግባት ተቃውማ የተነሣችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ አባቷ ባሕር ሰገድ ይባል ነበር። የእርሷ የቅርብ ባልንጀራ ደግሞ እኅተ ክርስቶስ ትባላለች፤ ወለተ የሚለውን የሥጋ ዝምድና ነው የሚል ሰው፣ እኅተ የሚለውን ሲያገኝ ምን ሊጽፍ እንደሚችል ቢያስብበት መንገዱ የት እንደሚያደርሰው ያያል።

ነገሩን ለማስረዳት ቤትን ምሳሌ ላድርግ። የቀድሞ ሰው ስም ደጅም ጓዳም ነበረው። እናትና አባት ያወጡለት የመጠሪያ ስም የደጁ ስም ነው፤ ጎረቤት የሚጣራው፣ ጭቃ ሹሙ የሚያውቀው፣ ገበያ ላይ የሚነሣው እርሱ ነው። ማዕረጉ የግቢው አጥር ነው። የፈረስ ስም ከአጥሩ ውጭ፣ በሜዳ፣ በፉከራና በጦርነት የሚጠራ ነው። የክርስትና ስም ግን የጓዳ ስም ነው፤ ወደዚያ የሚገቡት ካህኑ፣ የክርስትና አባት ወይም እናት፣ የንስሐ አባትና የቅርብ ቤተሰብ ናቸው። ሰው ሲቆርብ፣ ሲጸለይለት፣ ከሞተም በኋላ ፍትሐት ሲደርስለትና ተዝካሩ ሲወጣ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በሜዳ አባ ዳኘው፣ በጓዳ ሣህለ ማርያም ነበሩ። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ደግሞ ኃይለ ሥላሴ የሚለውን የጓዳ ስማቸውን ወደ ደጅ አወጡት።

እንግዲህ ሰነዶችም እንደ ስሞቹ የደጅና የጓዳ ናቸው። ዳዊት፣ መልክእና ድርሳን የመሳሰሉ የጸሎት መጻሕፍት የጓዳ ዕቃዎች ስለሆኑ በውስጣቸው የሚገኘው ስም በአብዛኛው የክርስትና ስም ነው። በወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ የርስት ሽያጭ ወይም የስጦታ ውል ግን፣ ምንም እንኳ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ቢሰፍር፣ በእማኝና በዋስ ፊት የተደረገ የደጅ ጉዳይ ነው፤ ሰዎቹ ከነማዕረጋቸው በሚታወቁበት ስም ይጠሩበታል። አንዲት ሴት በውሉ ውስጥ በአንድ ስም፣ በዳዊቷ ውስጥ በሌላ ስም ልትገኝ ትችላለች፤ ሁለቱን የማያገናኝ ፈላጊ «ምንም አልተጻፈላትም» ብሎ ይመለሳል። አንዳንድ ጸሐፊ ግን የመጠሪያውን ስም ካነሣ በኋላ «ስመ ጥምቀት» ብሎ የክርስትናውን ስም ይጨምራል። ከደጅ ወደ ጓዳ የሚያስገባው በር እርሱ ነውና፣ እንዲህ ያለ መስመር ያገኘ ሰው ገጹን በጥንቃቄ ፎቶ ያንሣው።

ይህ ጉዳይ በተለይ ለሴት ቅድመ አያቶች ይከብዳል። በደጅ በኩል አንዲት ባለትዳር ሴት የእገሌ ሚስት ወይም የእገሌ እናት ተብላ ታልፋለች፤ በራሷ ስም ተጽፋ የምትገኘው ብዙ ጊዜ በጸሎት መስመር ብቻ ነው። የልደት ምዝገባ እንዳይፈለግ፣ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ «ለአመትከ ወለተ ጊዮርጊስ» የሚለው መስመር የዚያች ሴት ብቸኛ የጽሑፍ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ያን አንድ መስመር ያልነበረ አባት ማምጫ ማድረግ እርሷን ራሷን ከገጹ መሰረዝ ነው። የምቆረቆረውም ስለዚህ ነው።

የክርስትና ስም የሚጠቅምበት ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱንም ከነገደቡ ልናገር። ስሙ ከጥምቀቱ ዕለት በዓል ጋር የተያያዘ ከሆነ ቀኑን ይጠቁማል። ጊዮርጊስ በየወሩ በ23 ይታሰባል፤ ሴት ልጅ በ80ኛ ቀኗ በ23 ከተጠመቀች፣ የልደቷን ቀን አንድ ብሎ ለሚቆጥር፣ ከሁለት ወር በፊት በ4ኛው ቀን ተወለደች ማለት ነው። ወንድ ልጅ ሚካኤል በሚታሰብበት በ12 ከተጠመቀ ባለፈው ወር በ3 ተወልዷል። በመካከል ጳጉሜን ካለች ስሌቱ ይፈልሳል። ከዚህም በላይ ስሙ ከጥምቀቱ ዕለት ሳይሆን ከልደቱ ዕለት፣ ከአጥቢያው ታቦት፣ ከእናት ስእለት ወይም ከካህኑ ምርጫ ሊመጣ ይችላል። በመሆኑም ይህ ስሌት ሌላ ማስረጃ ሲኖር የሚደግፍ እንጂ ለብቻው የሚቆም አይደለም፤ ዓመቱንም ፈጽሞ አይነግርም።

ለተከራካሪው ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው በአገራችን አልነበረም አላልኩም፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን የሚያህል ሊቅ በዚህ ስም ይጠራል። ነገር ግን የግዕዝ ጸሐፊ የሥጋ አባትን ማስታወቅ ሲፈልግ «ስመ አቡሃ እገሌ ወስመ እማ እገሊት» (የአባቷ ስም እገሌ፣ የእናቷም ስም እገሊት) ብሎ ለይቶ ይጽፋል፤ በጸሎት ቀመር ውስጥ «ለገብርከ» ወይም «ለአመትከ» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ግን የራሱ የሰውየው ወይም የራሷ የሴትዮዋ ስም ነው። ወልደ ሚካኤልና ገብረ ማርያም የመሳሰሉት የደጅ ስም ሆነው የሚያገለግሉበት ጊዜም ብዙ ነው፤ ወልዴና ገብሬ ተብለው ሲያጥሩ ይሰማሉ፤ እንዲህ ያለው ሰው ከዚህ የተለየ የክርስትና ስም ሊኖረው ይችላል። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ደግሞ ሌላ ችግር ያጋጥማቸዋል፤ ቅጽ የሚሞላው ሰው ባለ ሁለት ቃሉን ስም ከመካከል ቆርጦ «ገብረ» ን ከአንዱ ሣጥን፣ «ሥላሴ» ን ከሌላው ያስገባዋል፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ የልጅ ልጅ ሥላሴ የሚባል ጎሣ መኖሩን ይጠይቃል።

ወደ ዳዊቱ ልመለስ። የሰውየውን ገጽ በላከው ፎቶ ስመለከተው፣ «ወለተ ጊዮርጊስ» የሚለው ስም ከቀረው ጸሎት በቀለሙም በእጅ ጽሑፉም ይለያል፤ ከሥሩ ያለው ብራና ሸካራ ነው። ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ መጽሐፍ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባል፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን» (የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን) የሚለው ግዝት በየመጽሐፉ የሚጻፈውም በከንቱ አይደለም። እንግዲህ ቅድመ አያቱ ዳዊቱን ያስጻፈች ሳትሆን የተቀበለች ሴት ትመስለኛለች። ከማን እንደተቀበለችው የሚናገረው ስም ከእርሷ ስም ሥር ነው፤ ቅጠሉን ሳይታጠፍ፣ ውኃም ሆነ ኬሚካል ሳይነካው፣ ብርሃን ከጎን እየበራበት ወይም በአልትራቫዮሌት መብራት ፎቶ ማንሣት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን መንደሩ ላይ በሕይወት ያሉትን አሮጊት አክስቱን፣ ለአያታቸው ፍትሐት ሲደርስ ካህኑ በማን ስም ይጠራ እንደነበር ይጠይቃቸው።