«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»

አባቴ ስኳር እንዳለበት ያወቅነው ከዳዊቱ ውስጥ ነው። እናቴ ቤት ስታጸዳ መጽሐፉን ከመስኮቱ ላይ ብታነሳው የተጣጠፈ የቀጠሮ ካርድ ዱብ አለ። ማንበብ ስለማትችል ለእኔ ሰጠችኝ። ቀኖቹን ቆጠርኩ፤ ሰውዬው ስምንት ወር ሙሉ ክትትል ላይ ነው። በእነዚያ ስምንት ወራት እናቴ በየጠዋቱ ሲኒው ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ስትጨምርለት ኖራለች። እሱም «ይቅርብኝ» ካለ «ምነው?» መባሉ ስለማይቀር ዝም ብሎ ይጠጣል።

እናቴ አልተቆጣችም። ረከቦቷ ሥር ቁጭ ብላ ፍሙን እየቆሰቆሰች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እኔ ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ የምረዳው «ሲያምህ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂድ» እንደሚል ምክር ነበር። አባቴ ግን ሄዷል! ካርድ አውጥቷል፣ ክኒኑንም ይውጣል። ታዲያ ተረቱ እሱን ምን ይመለከተዋል?

ነገሩ ያለው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። ተረቱ «መድኃኒት አያገኝም» አይልም፤ «አይገኝለትም» ነው የሚለው። ያቺ «ለት» የገባችው በከንቱ አይደለም። መድኃኒቱን የሚፈልገው በሽተኛው ሳይሆን ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ተኝቷል፣ የሚሯሯጥለት ቤተሰቡና ጎረቤቱ ነው። ሕመምተኛ ማየትን «ጥየቃ» ማለታችንስ ለምን ይመስላችኋል? ጠያቂ እንደ ስሙ ይጠይቃል፦ «ምንህን ነው ያመመህ? መቼ ጀመረህ?» መልሱን ሲሰማ ደግሞ አንዱ «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ሊቆርጥ ይወጣል፣ አንዷ ጤና አዳም ከጓሮዋ ታመጣለች፣ ሌላው «ለእንዲህ ያለው እከሌ መንደር አዋቂ አለ» ብሎ በቅሎ ይጭናል። ይህ ሁሉ የሚነሳው ከአንድ መልስ ነው። የተጠየቀው ሰው «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» ካለ ማን ለምን ይሮጣል?

«መድኃኒት» ራሱ ከግእዙ «ድኅነ» የመጣ ነው፤ ዳነ፣ ተረፈ ማለት ነው። መድኃኔ ዓለም የምንለውም ከዚያው ሥር ነው። ስለዚህ ሰባኪዎች ይህን ተረት ለንስሐ ሲያውሉት ከመንገዱ አላወጡትም፤ ለነፍስ አባቱ ያልተናገረ ሰው ቀኖና አይሰጠውም። ሽማግሌም ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ተቀምጦ፣ አንደኛው ነገሩን ሲያድበሰብስበት ይህችኑ ይተርታል።

ሁሉም በሽታ ግን እኩል አይደበቅም። ኮሶን ተመልከቱ። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ኮሶ የብዙ ሰው ስለነበር ማንም አያፍርበትም ነበር። የኮሶ ዛፍ አበባ ተወቅጦ ይበጠበጥና በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣ ነበር፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ እንግዳ እንኳ ከደጅ ይመለስ ነበር። በሽታውም መድኃኒቱም ስማቸው አንድ ነው። በሌላ ወገን ፊስቱላን አስቡ። በረዘመ ምጥ ተጎድታ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት ሴት ከሰው ተለይታ ጓዳ ውስጥ ዓመታት ትቆጥር ነበር። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታሉን ሲከፍቱ፣ በቀዶ ጥገና የሚድን ጉዳት በእፍረት ዕድሜ ልክ ሲሸከሙት የኖሩ ሴቶች ነበሩ። መድኃኒት አለ፤ ግን አይገኝላቸውም።

በነገራችን ላይ፣ መድኃኒቱን የሚደብቀውስ ማን ነው? የባህል ሐኪሙ! ሥሩን በጨለማ ቆፍሮ፣ በድብቅ ቀምሞ፣ ዕውቀቱን ለአንድ ልጁ ብቻ ሹክ ብሎ ይሞታል። በሽተኛው ግን ጉዱን ሁሉ እንዲዘረዝርለት ይፈልጋል። ለእሱ የሚሆን ተረት ያልተረተለት ለምን እንደሆነ እንጃ።

መደበቅም ቢሆን ከክፋት አይመጣም። የድሮ ደብዳቤ መክፈቻ ትዝ ይላችኋል? «እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ደብዳቤው ወደ ስልክ ተለወጠ እንጂ አረፍተ ነገሩ አልተለወጠም። ቤይሩት ያለችው ልጅ ወገቧን ይዛ «ደህና ነኝ እማዬ» ትላለች፤ እናቷም ግፊቷ ከፍ ብሎ ከሐኪም ቤት በተመለሰች ማግስት «እኛ ደህና ነን» ትላታለች። ሁለቱም የሚሸሽጉት ሌላዋ እንዳትጨነቅ ነው።

አባቴም ሲጠየቅ ያለው ይህንኑ ነው፦ «እናንተን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው።» እውነቱ ግን ሌላ እንደነበር በሳምንቱ ታወቀ። ወሬው ከግቢ ወጣ። ከጎን ያሉት እትዬ የደረቀ የሽፈራው ቅጠል በፌስታል ይዘው መጡ፤ የእድሩ ጸሐፊ አብሽ በጠዋት በባዶ ሆድ እንዲጠጣ አዘዘ፤ የአክስቴ ልጅ ደግሞ መለኪያ መሣሪያ ገዝቶ ጣቱን ሊወጋው ተዘጋጀ። ክኒኑን እንዳያቋርጥ ስንል ለሁሉም መድገም ነበረብን። እናቴ ስኳር የሌለበትን ቡና አቀበለችው። ፉት አለና ፊቱን አጨማደደ፣ ወደ እኔም ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦

«ይኸው! ይህን ፈርቼ ነበር የደበቅኩት።»