የባህር ወንበዴዎች ነፃነት፦ ከፊልሙ የያዝነውና እውነታው

በልጅነቴ «ፓይሬትስ ኦቭ ዘ ካሪቢያን» የሚባለውን የባህር ወንበዴዎች ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። በ2003 የወጣውን፣ የመጀመሪያውን ማለቴ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ሰሞኑን ድጋሚ ከፈትኩት። ዋናው ገፀ ባህሪ፣ ወንበዴው ጃክ ስፓሮው በምትሰምጥ ጀልባ ምሰሶ አናት ላይ ተኮፍሶ ወደ ጃማይካዋ ወደብ ፖርት ሮያል ይገባል። ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ስትጠልቅ የእሱ እግር ወደቡን ይረግጣል። አሁንም አሳቀኝ።

ከዚያ በፊት ግን ባርኔጣውን የሚያወልቅበት ቅፅበት አለ። ድንጋዩ ላይ የወንበዴዎች አፅም ተንጠልጥሏል። ልጅ ሆኜ ይሄን አላየሁትም። ስንቱን ነገር ሳላይ እንዳለፍኩ የገባኝ ያኔ ነው። እናም ከፊልሙ የያዝኳቸውን እምነቶች አንድ በአንድ ከእውነተኛው ታሪክ ጋር አስተያየሁ።

«ወንበዴ የሚኮነው ለጀብዱ ነው»

ለአብዛኞቹ ጉዳዩ የእንጀራ ነበር። የስፔን ዙፋን ውርስ ጦርነት በ1713ቱ የዩትሬክት ስምምነት ሲበርድ የእንግሊዝ ባህር ኃይል በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ መርከበኞችን አሰናበተ። ቀሪው ምርጫ የንግድ መርከብ ነው። እዚያ ደግሞ ደሞዙ ትንሽ፣ ምግቡ የተበላሸ፣ ካፒቴኑ ጅራፍ የያዘ ነው። ብዙዎቹ ወንበዴ የሆኑት የሚሠሩበት መርከብ በወንበዴዎች ሲያዝ «ትገባለህ ወይስ ትቀራለህ?» ተብለው ነው። አንዳንዶቹማ አልተጠየቁም፤ በተለይ አናጢና ሐኪም ከሆኑ በግድ ይወሰዱ ነበር።

«ካፒቴኑ ንጉሥ ነው»

ይሄ ነው በጣም የገረመኝ። በብዙ የወንበዴ መርከቦች ላይ ካፒቴኑ የሚመረጠው በድምፅ ነው። ያሻውን ማዘዝ የሚችለው በውጊያና በማሳደድ ሰዓት ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ምግብና ምርኮ የሚያከፋፍለው፣ ጠብ የሚዳኘው ኳርተርማስተር የሚባል ሌላ ሰው ነው። እሱም ተመራጭ ነው።

ማውረድም ይቻላል። በ1718 የወንበዴ ካፒቴኑ ቻርለስ ቬን አንዲት የፈረንሳይ መርከብ አይቶ «ትከብደናለች፣ እንሽሽ» አለ። ሰዎቹ ፈሪ ብለው በድምፅ አወረዱት። በምትኩ የኳርተርማስተሩን ጃክ ራክሃምን ሾሙ። አን ቦኒና ሜሪ ሪድ የሚባሉት ሁለት ሴት ወንበዴዎች በ1720 የተያዙት በዚሁ ሰው መርከብ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ተራ መርከበኛ ለፓርላማ ድምፅ ይሰጣል ብሎ ማሰብ እብደት በነበረበት ዘመን፣ እነዚህ ሌቦች አለቃቸውን እጅ እያወጡ ይቀይሩ ነበር።

«ነፃነት ማለት ሕግ አልባነት ነው»

ፊልሙ ላይ የወንበዴዎቹ ካፒቴን ባርቦሳ የወንበዴዎቹ ደንብ «ምክር ቢጤ» ነው ብሎ የአገረ ገዢውን ልጅ ኤልዛቤትን ይሸውዳታል። ትልቁ ቀልድ እሱ ነው። እውነተኞቹ ግን ደንባቸውን ምለው ነበር የሚገቡበት።

የእውነተኛው የወንበዴ ካፒቴን የባርቶሎሚው ሮበርትስ መርከብ ደንብ በ1724 በታተመ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ሳነበው የአዳሪ ትምህርት ቤት መተዳደሪያ መሰለኝ። ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ መጠጣት የፈለገ ውጭ መርከቡ ወለል ላይ ይጠጣ። በገንዘብ ቁማር ክልክል ነው። ሽጉጥና ጎራዴ ንፁህ ይሁን። ሙዚቀኞቹ በሰንበት ያርፋሉ። ካፒቴኑና ኳርተርማስተሩ ሁለት ሁለት ድርሻ፣ ተራው ሰው አንድ ድርሻ ያገኛል። በሥራ ላይ አካሉን ያጣ ከጋራ ገንዘቡ 800 የስፔን ብር ይካሳል።

የአካል ጉዳት ካሳ! እኔ ከምሰሶ ላይ በገመድ ተወዛውዞ መርከብ መዝለልን ነበር ነፃነት የምለው።

«ምርኮው ወርቅ ነው፤ ወርቁም ይቀበራል»

በአብዛኛው ጨርቅ፣ ስኳር፣ ገመድ፣ ምግብ ነው። ስለዚህ የሚቀበር የለም፤ ይሸጣል፣ ይጠጣል። ብላክቤርድ የሚባለው ዝነኛ ወንበዴ በ1718 ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ያለውን የቻርለስተንን ወደብ በመርከቦቹ ዘግቶ ሰዎች አግቶ የጠየቀው ምን ይመስላችኋል? አንድ ሣጥን መድኃኒት።

«የካሪቢያን ጉዳይ ነው»

ብቻ አይደለም። ሄንሪ ኤቨሪ የሚባል እንግሊዛዊ ወንበዴ በ1695 ባብ ኤል መንደብ አጠገብ አድፍጦ ጠበቀ። ከዚያም ከመካ ወደ ህንድ የሚመለሱትን የሙጋሎች (የያኔዎቹ የህንድ ገዢዎች) መርከቦች ተከታትሎ ትልቋን ጋንጅ ኢ ሳዋይን ዘረፈ። ተሳፋሪዎቹ ላይ የደረሰው ግፍ ለልጆች ፊልም አይሆንም።

(የፊልም ወንበዴዎች «አርርር» የሚሉት አነጋገርስ? «ትሬዠር አይላንድ» በሚባለው የ1950 ፊልም ላይ የተወነው የእንግሊዙ ሮበርት ኒውተን የሀገሩ ቅላፄ ነው።)

«ነፃነቱ ለሁሉም ነበር»

ፊልሙ ላይ ጃክ ከኤልዛቤት ጋር በተጣለባት ደሴት ሩም የሚባለውን መጠጥ ይዞ፣ መርከብ ማለት እንጨትና ሸራ ሳይሆን ነፃነት ነው የሚልበት ቦታ ድሮ አይኔን ያስነባኝ ነበር። አሁን ግን የብላክቤርድ ዝነኛ መርከብ ትዝ አለችኝ። በ1717 ስትያዝ ላ ኮንኮርድ የምትባል የፈረንሳይ የባሪያ መርከብ ነበረች። በውስጧ ከነበሩት አፍሪካውያን አብዛኞቹ ነፃ አልወጡም፤ ለፈረንሳዮቹ ተትተው ተሸጡ። በእርግጥ ብዙ ጥቁሮች በወንበዴ መርከቦች ላይ ሠርተዋል፤ እኩል ድርሻ የያዙም ነበሩ። ግን መርከቡ ሲያዝ ይለያያሉ። በ1722 ሮበርትስ ተገድሎ ሰዎቹ ሲማረኩ፣ ዛሬ ጋና በምትባለው ኬፕ ኮስት 52ቱ ተሰቀሉ። ጥቁሮቹ ግን ፍርድ ቤት እንኳ አልቀረቡም። ለባርነት ተሸጡ።

«ይህን ያወቀ ሰው ፊልሙ አይጥመውም»

እኔም ፈርቼ ነበር። 143 ደቂቃውን ሳልነሳ ጨረስኩት። ወደቡ ላይ ጃክ ስሙ እንዳይመዘገብ ሦስት ሺሊንግ ጉቦ ሰጥቶ፣ ዞር ሲሉለት የሰውየውን ቦርሳ ሙልጭ አድርጎ ሲወስድ እንደገና መልሼ አየሁት። መጨረሻ ላይ መሪውን ጨብጦ ኮምፓሱን ከፍቶ ሲያንጎራጉር፣ አብሬው አንጎራጎርኩ። ድምፄ እንደ ድሮው አስቀያሚ ነው።