የዊንዶውስ «ድጋፍ ማብቃት» ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ፊት ለፊት የሚኖሩት ጎረቤቴ ናቸው፤ ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈውታል። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በእኛ ብሎክ፣ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ግራውንድ ላይ በተከራዩዋት ጠባብ ክፍል ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳሉ፣ የተማሪ አሳይመንት ፕሪንት ያደርጋሉ። ያቺ ላፕቶፕ እንጀራቸው ናት።

«ልጄ፣ አንድ ልጅ ፕሪንት ሊያስደርግ መጥቶ የእርስዎ ዊንዶውስ ጊዜው አልፎበታል አለኝ። እንደ መድኃኒት ነው እንዴ? ልጣለው?»

«አይጣሉት እትዬ፣ ቁጭ ይበሉና እንየው» አልኳቸው። እሳቸው የጠየቁኝን ብዙ ሰው እየጠየቀ ስለሆነ ያልኳቸውን እዚህ ልጻፈው።

ዊንዶውስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ፕሪንተሩን፣ ፋይሎቹን ሁሉ የሚያስተዳድረው ዋናው ፕሮግራም ማለት ነው። የጻፉት ሰዎች ናቸው፤ ሰው የጻፈው ነገር ደግሞ ስህተት አያጣውም። አንዳንዱ ስህተት ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፋል። አንዳንዱ ግን ለሌባ በር ይከፍታል፤ አንድ ፋይል በመክፈት ወይም ከአንድ ኔትወርክ ጋር በመገናኘት ብቻ ሌላ ሰው ማሽናችሁ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ በየጊዜው ይገኛል። ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ፣ በእኛ ሰዓት ማታ ላይ፣ የተገኙትን ቀዳዳዎች የሚደፍን አፕዴት ይለቃል። «ድጋፍ» የሚባለው ይህ ነው። በየወሩ እየመጣ የቆርቆሮውን ቀዳዳ የሚደፍን ሰው አለ ማለት ነው።

ድጋፍ አበቃ ማለት ሰውየው መምጣት አቆመ ማለት ነው። ቤቱ አልፈረሰም። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ አብቅቷል፤ በማግስቱ ግን ሁሉም ኮምፒውተር እንደወትሮው ተነሳ። ዎርድ ተከፈተ፣ ፕሪንተሩ አተመ። ነገሩን አደገኛ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ምንም የተለወጠ አይመስልም።

አንድ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ዊንዶውስ 10 እና ዊንዶውስ 11 የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ከውስጣቸው ብዙው ኮድ አንድ ነው። ለ11 አንድ መጠገኛ ሲለቀቅ፣ ነገሩን የሚያውቁ ሌቦች ከመጠገኑ በፊትና በኋላ ያለውን ኮድ ጎን ለጎን አስቀምጠው ያስተያያሉ። የት ቦታ እንደተደፈነ ሲያዩ ቀዳዳው የት እንደነበረ ያውቃሉ። ያው ቀዳዳ 10 ላይ ካለ፣ እዚያ የሚደፍነው የለም። ስለዚህ ድጋፉ ያበቃ ሲስተም ባለበት አይቆምም፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየባሰበት ይሄዳል።

ይህ ተረት አይደለም። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮችን አዳረሰ። የሰዎችን ፋይል ቆልፎ «ክፈሉና ልክፈትላችሁ» የሚል ዓይነት ነው። እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከመሰረዝና በሽተኛ ወደ ሌላ ቦታ እስከመላክ ደርሰዋል። የሚያሳዝነው፣ መጠገኛው ከሁለት ወር በፊት ተለቆ ነበር። የተጠቁት በአብዛኛው ድጋፍ እያላቸው አፕዴቱን ያልጫኑ ናቸው። ድጋፉ ቀደም ብሎ ላበቃው ለአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ማይክሮሶፍት ከደንቡ ወጥቶ አስቸኳይ መጠገኛ ለመልቀቅ ተገዷል።

የቆየ ሲስተም ላይ ሌላም ነገር ይመጣል። ፕሮግራሞቹ አንድ በአንድ ይለዩታል። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 2012 ዓ.ም. አበቃ፤ በ2015 ዓ.ም. ክሮም አዲስ እትሙን ለእሱ ማውጣት አቆመ። ዊንዶውስ 10 እዚያ ገና አልደረሰም። አብሮት ያለው አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ የቫይረስ ዝርዝሩን እስከ ጥቅምት 2021 ዓ.ም. ያገኛል። ግን አንቲቫይረስ የገባውን ሌባ ይይዝ ይሆናል እንጂ በሩን አይደፍንም።

ይህን እያወራን የእትዬን ላፕቶፕ ከፈትኩት። ሴቲንግስ ውስጥ ገብቼ የአፕዴቱን ታሪክ ሳይ ደነገጥኩ። ባዶ ነው። ከተጫነ ጀምሮ አንድም አፕዴት አልገባም። ፎርማት ያደረገላቸው ልጅ አፕዴቱን ዘግቶት ነበር። «ዳታ ይበላብዎታል ብሎኝ ነው» አሉኝ። አውቆ ሊጎዳቸው አይደለም፤ ካርድ እየሞላ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው አፕዴት ዳታ ይጨርሳል። ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው የሚደረገው። ዊንዶውሱ በክራክ፣ ማለትም ፈቃድ ሳይገዛ እንዲሠራ በሚያደርግ ፕሮግራም፣ ይጫናል፣ አፕዴቱ ይዘጋል፣ «አሁን አሪፍ ሆኗል» ተብሎ ይሰጣል።

እኔን ያሳሰበኝ እዚህ ጋ ነው። ሁላችንም ስለ ጥቅምት 4 እናወራለን። ለእትዬና ለብዙ ጎረቤቶቻችን ግን ድጋፉ ያበቃው ዊንዶውሱ የተጫነ ዕለት ነው። ክራኩም ራሱ ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ፕሮግራም ሆኖ፣ አንቲቫይረስ ተዘግቶለት ነው የሚገባው። ስለዚህ «ወደ 11 ልሂድ?» ከማለታችሁ በፊት ያላችሁበት 10 ራሱ አፕዴት ሲያገኝ ነበር ወይ ብላችሁ እዩ። ሴቲንግስ፣ ከዚያ አፕዴት፣ ከዚያ ሂስትሪ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ ማሽኑ 11ን ይችላል ወይ የሚለው ይመጣል። መስከረም 2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 መራጭ ነው። 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የይለፍ ቁልፎችን የሚጠብቅ ክፍል፣ እና ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክል መከላከያ፣ ይፈልጋል። ብዙውን ላፕቶፕ የሚጥለው ግን ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል የሚባለው ቺፕ፣ ነው። ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ኤኤምዲ ከሆነ ባብዛኛው ራይዘን 2000 እና ከዚያ ወዲህ።

ስላይትሊ ዩዝድ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። «ኮር አይ 5፣ 6ኛ ጀነሬሽን» ተብሎ ነው የሚሸጠው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ግቡና የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ይናገራል። 6300 ካለ 6ኛ ነው፣ 8250 ካለ 8ኛ። 10210 ካለ 10ኛ ነው። የእትዬ 6300 ነው። ራሙ 8 ጊጋ፣ ቲፒኤሙም 2.0። ሁሉን አሟልቶ በፕሮሰሰሩ ብቻ ወደቀ።

እዚህ ላይ «እኔ በግድ እጭንልዎታለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይቻላል፤ ምርመራውን የሚያስዘልሉ መንገዶች አሉ፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። እኔ ግን ለሥራ ማሽን አልመክረውም። ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ዊንዶውስ አፕዴት የመስጠት ግዴታ የለብኝም ይላል። የምንሸሸው አፕዴት ማጣትን ከሆነ፣ አፕዴቱ ዋስትና ወደሌለው ቦታ መሄዱ ምን ይጠቅመናል?

ለእትዬ የመረጥኩት ሌላ ነው። ዊንዶውስ 10 ለግል ተጠቃሚዎች አንድ ተጨማሪ ዓመት የደኅንነት አፕዴት አለው፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይቆያል። በ30 ዶላር ይገዛል። የውጭ ክፍያ ካርድ ለሌለው ደግሞ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ ማድረግ ካበራ በነጻ ይሰጣል። መመዝገቢያው እዚያው አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ ይወጣል። የሚወጣው ግን ዊንዶውሱ የመጨረሻው የ10 እትም፣ 22ኤች2፣ ላይ ከደረሰ ነው።

ክራኩስ? ደስ የሚል ነገር አገኘን። ከውጭ ከቢሮ ወጥተው የሚመጡ ብዙ ላፕቶፖች የዊንዶውስ ፈቃድ ቁልፋቸው እናት ቦርዳቸው ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጡት። ትክክለኛው እትም በንጹሕ ከተጫነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል። የእሳቸውም እንዲያ ነበር። የራሳቸው ሕጋዊ ቁልፍ እያለ ለዓመታት በክራክ ሲሠሩ ኖረዋል።

ሊኑክስስ፣ በዊንዶውስ ፈንታ በነጻ የሚጫነው ሌላው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የሚል ይኖራል። ለልጆች ማጥኛና ለብራውዘር ሊኑክስ ሚንት ጥሩ ነው፤ 22ኛው እትም እስከ 2029 እንደ ፈረንጆቹ አፕዴት ያገኛል፣ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነስቶ መሞከርም ይቻላል። ለእትዬ ግን አይሆንም። ደንበኛ በፍላሽ ይዞ የሚመጣው ጽሑፍ አንዳንዴ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው፣ ዩኒኮድ የሚባለው የዛሬው የጋራ የፊደል አሠራር ከመለመዱ በፊት በነበረው የአማርኛ መጻፊያ። ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። እሳቸው ደግሞ እጃቸው የለመደው ዎርድ ነው። ሥራ ላይ ያለን ሰው ልምዱን አስጥሎ ማደናገር አይገባም።

ማሽናችሁ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ከሆነስ? አትጨነቁ፣ ወደ 11 ሂዱ። ነጻ ነው፣ ፋይላችሁም ባለበት ይቆያል፣ ካልተመቻችሁ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ነበራችሁበት መመለስ ይቻላል። ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ከሆነና አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለው ግን መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ፣ አስገቡለት። አለበለዚያ 11 ሲነሳ ቡና ተፈልቶ ይደርሳል።

ከሁሉ በፊት ግን ባክአፕ፣ የፋይሎቻችሁን ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ። ይህን አጥብቄ የምለው ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት ላፕቶፔን ፎርማት ላስደርግ አንድ ሱቅ ሰጠሁ። «ሲ ብቻ ነው የሚጠፋው፣ ዲ ላይ ያለው አይነካም» አሉኝ፤ ሲ ዊንዶውሱ የሚቀመጥበት፣ ዲ ደግሞ ሌላው የዲስኩ ክፍል ነው። እኔም አመንኩ። እውነታቸውን ነው፣ ዲ አልተነካም። የእናቴ የመጨረሻ ፎቶዎች ግን ዴስክቶፕ ላይ ነበሩ። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ የሚባሉት ሁሉ ሲ ውስጥ መሆናቸውን ያኔ አላውቅም ነበር። ያንን ቀን አልረሳውም።

የእትዬ ዴስክቶፕ ላይ ጀርባው እስከማይታይ ድረስ ፋይል ተደርድሯል። የውክልና ናሙና፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የእድር ደንብ፣ የልጃቸው የምረቃ ፎቶ። አንድ ፍላሽ ላይ ገለበጥን። ከዚያ ሌላ ፍላሽ ላይ ደገምን። ፍላሹን ነቅለን በእኔ ኮምፒውተር ላይ አንዳንዱን ከፍተን አየን፤ የተገለበጠ የሚመስል ግን የማይከፈት ፋይል አጋጥሞኝ ያውቃል።

ንጹሑን ዊንዶውስ ያወረድኩት ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ በሌሊት ጥቅል ነው፤ አምስት ጊጋ ገደማ ነው፣ ቀን ላይ አይሞከርም። መጫኑን ደግሞ እሑድ ጠዋት አደረግነው። ከሰዓት በኋላ ሰፈራችን መብራት ስለሚወላውል ነው። የእሳቸው ባትሪ ሃያ ደቂቃም አይዝም፤ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ዊንዶውሱ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። ከ22ኤች2 ጋር፣ በራሳቸው ቁልፍ፣ አፕዴቱ ተከፍቶ ተነሳ። ተጨማሪው ዓመትም ተመዘገበ። የዳታውን ነገር ደግሞ ሞባይል ላይ ሲሆን እንዳያወርድ «ሚተርድ» የሚለውን አብርተን፣ በሳምንት አንድ ሌሊት ከእኔ ዋይፋይ እንዲያወርድ ተስማማን።

ሰኞ ጠዋት ስወጣ ክፍላቸው ፊት ሦስት ሰው ተሰልፏል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አሳዩኝ። አዲሱ ዓመት ገና ስላልወጣ፣ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጥቅምት 3፣ 2019» ብለው ጽፈዋል።

«እስከዚያ 8ኛውን ለመግዛት በወር ስንት ላስቀምጥ ልጄ?» አሉኝ፣ ወረቀት እያቀበሉኝ። ቁጭ ብለን ደመርነው።